ላሚኔት ያደረግኩት የክብር ደብዳቤ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የሰው ካርድ አበላሸሁ። ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ቦታው ነገሌ፣ መናኸሪያው አጠገብ ያለው የእትዬ አስካለ ኮምፒውተር ቤት ነው። ወረቀት ፕላስቲክ የሚያለብሰው የላሚኔት ማሽን ሞቆ መብራቱ አረንጓዴ ከመሆኑ በፊት የአንዱን ልጅ የስምንተኛ ክፍል ካርድ ከተትኩት። ፕላስቲኩ ተጨማዶ ወጣ። እትዬ አስካለ መቀስ አነሱና መልሰው አስቀመጡት።

«ላሚኔት የሆነ አይታረምም» አሉኝ። «ማሽኑ ሳይሞቅ አንቺ ትሞቂያለሽ።»

ዓመት ሳይሞላ ግን ፎቶ ኮፒው፣ ስካኑ፣ ማመልከቻ መተየቡ፣ የኦንላይን ፎርም መሙላቱ ሁሉ የእኔ ሆነ። ደንበኛ ሲገባ እትዬ አስካለን ሰላም ብሎ ሥራውን የሚሰጠው ለእኔ ነበር። ኩራቴን አልደብቅም።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ዳርሚ ስልኳን ይዛ መጣች። ከክፍላችን አንደኛ የምትወጣው እሷ ናት። ውጭ አገር ያለ የጎበዝ ተማሪዎች የክብር ማኅበር ኢሜይል ልኮላታል። በውጤትሽ ተመርጠሻል፣ በአሥር ቀን ውስጥ የአባልነት ክፍያ ከላክሽ ሰርተፍኬት ታገኛለሽ፣ ለስኮላርሺፕም ትታጫለሽ ይላል። ደስታዋ ተጋባብኝ። በከለር አተምኩላት፤ ወርቃማው ማኅተም ደምቆ ወጣ። ማሽኑን በደንብ አሙቄ ላሚኔት አደረግኩት።

በእኛ ከተማ ላሚኔት የሆነ ወረቀት ይታመናል። የልደት ካርድና ዲፕሎማ ነው ላሚኔት የሚሆነው። በሳምንቱ የዳርሚ አባት አባ ቦሩ ያንኑ ወረቀት ይዘው ከዱብሉቅ መጡ። ለዩኒቨርሲቲዋ ብለው ያቆዩአትን ጊደር ለገበያ ሊያወጧት ነው። ክፍያው በምን እንደሚላክ ሊጠይቁን ነበር የመጡት።

አካም፣ ናጋ ተባብለን ሰላምታውን ስናበቃ እትዬ አስካለ ወረቀቱን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። ማን አጣራው አሉኝ። ማንም አላጣራውም። አባ ቦሩ ገረማቸው፤ ፕላስቲክ ለብሶ የለም ወይ አሉ። ያለበስኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። አባ ቦሩ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«እኛ ዘንድ የውሃ ጉድጓድ ላይ ከብት ነድቶ የመጣ እንግዳ መጀመሪያ ይጠየቃል» አሉኝ። «የማን ልጅ ነህ? እዚህ ማን ያውቅሃል? ውሃው ከዚያ በኋላ ነው። አንቺ ይሄን ወረቀት ጠይቀሽዋል?»

አልጠየቅኩትም። ቀነ ገደቡ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ሳላውቅ አላድርም ብዬ ተነሳሁ።

መጀመሪያ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ሪከርድ ክፍሉ የዳርሚን ውጤት የጠየቀን የለም አለኝ፤ ርዕሰ መምህሩም ማንንም አልጠቆምኩም አሉ። ቀጥዬ ለማኅበሩ ጻፍኩ፦ ማን ጠቆማት? ውጤቷን የት አያችሁ? የመጣልኝ መልስ ቀኑ እያለቀ ነው፣ ክፈሉ የሚል ብቻ ነበር። ደብዳቤው አብሮን ይሠራል ላለው ዩኒቨርሲቲም ጻፍኩ፤ አድራሻውን የወሰድኩት ከደብዳቤው ሳይሆን ከዩኒቨርሲቲው ከራሱ ገጽ ነው። አናውቃቸውም አሉ።

ታዲያ ኢሜይሏን ከየት አገኙት? የቆዩ ሥራዎቼን ሳገላብጥ ደረስኩበት። ከወር በፊት የዳርሚን የስኮላርሺፕ ፎርም የሞላሁት እኔ ነበርኩ። ግርጌው ላይ አድራሻሽን ለሌሎች እንስጥ ወይ የሚል ሳጥን ነበር፤ ቶሎ እንዲያልቅልኝ ምልክት አድርጌበታለሁ። የውጤቱን ቦታ ደግሞ ባዶ ትቼዋለሁ። በውጤትሽ ተመርጠሻል ያሏት ውጤቷን ሳያዩ ነው።

በማግስቱ ለአባ ቦሩ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ሳጥኑንም ሳልደብቅ። ዳርሚ አጠገባቸው ቆማ አለቀሰች።

«አንደኛ የወጣሁት ግን እውነት ነው» አለች።

«እሱን እኛ እናውቃለን» አሉ አባቷ። «ጊደሯም ታውቃለች። ገበያ አትወጣም።»

ዘንድሮ ለሌላ ልጅ እንዲህ ዓይነት ግብዣ መጣ፤ መጀመሪያ አጣራሁት። የጠቆሟት የራሷ መምህር ናቸው፤ ውጤቷንም የላከው ትምህርት ቤቱ ነው። እሱን ላሚኔት አድርጌ ሰጠኋት። አሁን አሥራ ሁለተኛ ነኝ፤ ማሽኑን ለምትረከበኝ ልጅ የማስተምራት ይህንን ነው። ማን ጠቆመሽ ብለሽ ጠይቂ፣ ትምህርት ቤት ሄደሽ አረጋግጪ፣ ማሽኑን ከዚያ በኋላ አሙቂ።