የተነቀለው በር

የበርበሬ ማዘጋጃችን ሥራ አስኪያጅ ሙዝደሊፋ አዲስ አበባ ለስልጠና ሄዶ ሲመለስ መጀመሪያ ያደረገው የቢሮውን በር ማስነቀል ነው። «ከዛሬ ጀምሮ አለቃ ሳልሆን አገልጋያችሁ ነኝ። በእኔና በእናንተ መሀል በር አይኖርም» አለን። አጨበጨብን፤ ምን እናድርግ።

ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ቡታጅራ ውስጥ ከሠራተኛው ጋር ቁጭ ብሎ በርበሬ የሚቀነጥስ፣ አብሮ የሚያስነጥስ አለቃ ከእሱ ሌላ አላውቅም። ምሳችንን ራሱ ነው የሚያቀርበው፣ ያውም ጎንበስ ብሎ። እኔን የሚያበግነኝም ይኸው ማጎንበሱ ነው። ሁሌ ያጎነበሰ ሰው የሚያየው እግር ነው፤ ፊት አያይም።

ዘይባ አጠገቤ ቁጭ ብላ የምትቀነጥስ፣ ከመስቃን ገጠር የመጣች የታጨች ልጅ ናት። የመጋዘን ኃላፊው ሙባሪክ ጆንያ ልታመጣ በገባች ቁጥር በሩን ዘግቶ ገላዋን ይነካካታል። ግቢው ውስጥ የሚዘጋ በር የቀረው የመጋዘኑ ብቻ ነበር። ስትነግረኝ ደሜ ፈላ። «ለአለቃው ንገሪው» አልኳት።

ሄደች። ሙዝደሊፋ ተነስቶ የራሱን ወንበር ለቀቀላት። «ተናገሪ እህቴ፣ እዚህ ምስጢር የለም፤ ቤተሰብ ነን» አላት። የሙባሪክ ጠረጴዛ ግን ከቢሮው ፊት ለፊት ነው። ጆሮውን አቁሞ ፈገግ እያለ ያያታል። እጮኛዋ ቢሰማ ምን ሊል ነው? «ጓንት አልቆብናል» ብላ ወጣች። በማግስቱ ሙዝደሊፋ ጓንቱን ራሱ ገዝቶ አመጣላት። ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ዓርብ ዕለት ዘይባ ሂጃቧን እያስተካከለች ከመጋዘን ወጣች። ምሳ ሰዓት ነበር። የምንበላበት ገበታ ያው የተነቀለው በር ነው፤ ሙዝደሊፋ ብሎኬት ላይ አስተኝቶታል፣ እጀታው እንኳ አልወለቀም። ሙዝደሊፋ የቆጮ ሳህን ይዞ አጎነበሰላት።

«ምን ላምጣልሽ? እዘዢኝ።»

ዘይባ ሳህኖቹን እያነሳች መሬት ላይ ደረደረቻቸው።

«እዘዢኝ አላሉም? በሩን ይመልሱት። ሰው ሳይሰማ የምነግርዎ አለኝ። እቴቴ ውድነሽም አብራኝ ትገባለች» አለች፣ ወደ እኔ እያመለከተች።

«ዘይባ፣ መጀመሪያ ምሳ...»

አላስጨረስኩትም። የበሩን አንድ ጫፍ አነሳሁ። ሌሎቹም ቀንጣሾች መጥተው ያዙ። ተሸክመን ወደ ቢሮው ስናልፍ የሙባሪክ ፈገግታ ጠፋ።

ሦስታችን ገብተን በሩ መግቢያው ላይ ሲቆም፣ ማጠፊያ ስለሌለው ሙዝደሊፋ ከውስጥ በጀርባው ደግፎ ያዘው። ዘይባ ጀመረች። እሱም ቀጥ ብሎ፣ ፊቷን እያየ እስከ መጨረሻው ሰማት፤ ካጎነበሰ በሩ ይወድቃላ።