ቅቤውን የተቀባችው ልጅ

ልጆቹ «እምዬ፣ ከብቱ ከተራራ የሚወርድበትን በዓል ንገሪን» አሉኝ። ነገሩን ያስነሳው ከጠዳ ገበያ በኮባ ጠቅልዬ ያመጣሁት ለጋ ቅቤ ነው። ስፈታው ሽታው ቤቱን ሞላው። እኔም እዚህ ቁስቋም ቤቴ ተቀምጬ ልቤ ከደባርቅ በላይ ወጣ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ጣሊያን ከወጣ ብዙም አልቆየም። ክረምት ሲገባ ታቹ ሁሉ ስለሚዘራ፣ ያገራችን ሰው ከብቱን እየነዳ ወደ ውርጩ ይወጣና እስከ መስከረም እዚያው ጎጆ ቀልሶ ይከርማል። ያን ዓመት እኔ፣ እናቴና ባልንጀራዬ ባንድ ጎጆ ከረምን። ባልንጀራዬ አክስቷ ዘንድ ያደገች የጎረቤት ልጅ ናት። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ደጃፋችን ድረስ ይመጣል፤ ላሞቹ እምቧ ሲሉ ይሰማል እንጂ አይታዩም። ጭላዳ ዝንጀሮው ከገደሉ አፋፍ ሲንጫጫ እኛ አንድ ባና ተከናንበን እንስቃለን።

የመስቀል ማግስት ከብቱ ሁሉ ባንድነት ይወርዳል። ወንዱ ጅራፍ ያጮሃል፤ ላሞቹ ቀንዳቸው ላይ አደይ አበባ ታስሮላቸው ይመጣሉ። ከዚያ ሜዳው ላይ ልጃገረዶች ተራ በተራ ግጥም ያወጣሉ። ግጥሙ አዲስ መሆን አለበት፤ ከሌላ አፍ የተሰማ አይቆጠርም። ያማረላትን ልጅ ባልቴቶቹ በሰው ፊት፣ በዚያው ጠዋት የተናጠውን ቅቤ አናቷ ላይ ያኖሩላታል። የተቀባች ልጅ ደግሞ ዓመት አትቆይም፤ ከሩቅ አገር ሳይቀር ሽማግሌ ይላክባታል።

እኔ የፈለግሁት ባል አልነበረም፣ ልጆቼ። መልኬ የማይነሳ ልጅ ነበርሁ። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ሰው ዞሮ እንዲያየኝ ፈለግሁ።

ክረምቱን ሙሉ ግጥሜን ሳመላልስ ከረምሁ፦

ጉም ለብሼ ከረምኩ ጉም ተከናንቤ፣
ወረድኩኝ ለመስቀል ላሞቼን ሰብስቤ።

ከእናቴና ከባልንጀራዬ በቀር የሰማው የለም። ባልንጀራዬማ «ውይ! ይኸ ቅቤውን ከነቅሉ ያሸክምሻል!» ብላ አቅፋኝ ነበር።

በበዓሉ ቀን ከበሮው ሲመታ ከኔ ቀድማ መሐል ገባች። ድምጿ ሸጋ ነው። አፏን ስትከፍት የወጣው ግን የኔው ግጥም ነው። የኔው! ሜዳው በእልልታ ተናጋ። ተራዬ ሲደርስ ተገትሬ ቀረሁ። አንድ ሽማግሌ ከዳር ሆነው፣ «ምነው፣ ይቺ ልጅ ምላሷን ተራራው ላይ ረስታው ነው የመጣች?» ቢሉ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

ሲቀቧት አየሁ። ቅቤው በፀሐዩ ቀልጦ በግንባሯ ይወርዳል፣ ከእንባዋ ጋር ይቀላቀላል። የደስታ ለቅሶ መሰለኝ።

ጠብቄ ያዝኋት። «ምነው? ምን በደልሁሽ?»

መሬት መሬት አየች። «ተይኝ እስቲ።»

«ሌባ!»

«እሽ» አለች።

ያ «እሽ» ስንት ዘመን አቃጠለኝ! አልሰረቅሁም ብትል እንኳ ምን ነበረበት?

ቤት ስንገባ እናቴ ራሴን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ «ተይው ልጄ፣ የሰው ነገር እንዲህ ነው» እያለች ፀጉሬን ዳበሰችኝ።

ባልንጀራዬን ወደ ተከዜ ቆላ ዳሯት። ልትሄድ ስትል ሸኚኝ ብላ ላከችብኝ፤ አልሄድሁም። ወባ የሚፈጅበት አገር ነው። ደጋ ተመልሳ አልወጣችም፤ ቀጥሎ የመጣው መርዶዋ ነው።

እኔም አገር ላገር ስዞር ኖርሁ፤ ወለቃም ተቀመጥሁ፣ ጠዳም። የሄድሁበት ሁሉ ሴቶች ስለ ባልንጀራ ሲያወሩ ተነስቼ እወጣ ነበር።

እናቴ አርጅታ፣ ዓይኗ ጠፍቶ ሳስታምማት፣ አንድ ጠዋት ጎኗን ሳገላብጣት እጄን ያዘችኝ።

«ያን ግጥም ቀድመሽ አውጪው ብዬ ጡቴን ይዤ የለመንኋት እኔ ነኝ» አለች። «የቆላ ሽማግሎች መጥተዋል ሲሉ ሰማሁ። አንቺን ቢወስዱብኝ ምን ልሆን?»

«እሷንስ ሲወስዷት?» አልኋት።

«እሷማ እናቷ ሞታለች» አለች እናቴ። «የሚያለቅስላት አልነበራትም።»