ገንቢ ይዛችሁ ኑ

ይህ የሆነው ከሚሌኒየሙ በኋላ ባሉት ዓመታት በአንዱ፣ ክረምቱ አልፎ መስከረም በጠባ ሰሞን ነው። የምንኖረው ከመካነ ሰላም ጥቂት ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። ሬዲዮ ስለ ምግብ ባወራ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ ልጽፈው ወሰንኩ።

ልጄ ዐረብ አገር ስትሄድ ሁለት ዓመት ያልሞላትን ልጇን ፍቅርተን ለእኔ ትታ ነበር። ፍቅርተ እናቷ ከሄደች ወዲህ እህል አልቀምስ አለች። ማንኪያ ሳቀርብላት ከንፈሯን ገጥማ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ከእጄ የምትቀበለው ስኳር የበዛበት ሻይና ብስኩት ብቻ ነበር። ባዶ ሆዷን ከምታድር ብዬ እሱኑ እሰጣታለሁ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛችን ሀያት የምትባል የአቀስታ ልጅ ነበረች። የፍቅርተን ክንድ በባለቀለሙ መለኪያ ስትለካው ቢጫው ላይ አረፈ።

“እማማ ጥሩወርቅ፣ በሚቀጥለው ልኬት ወደ ቀይ ከወረደች ደሴ ሆስፒታል መላኳ ነው” አለችኝ።

ልጄ በየዓርቡ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ “በላች?” ብላ ነው። ልጅሽ ሆስፒታል ገባች ብላት ሁሉን ጥላ እንደምትመጣ አውቃለሁ። ስለዚህ ሀያት ስለ ምግብ ትምህርት ልትሰጥ ነው ሲባል ከሁሉ ቀድሜ ለመገኘት ወሰንኩ።

ሀያት የላከችው መልእክት እያንዳንዱ ጎጥ ኃይል ሰጪ፣ ገንቢና በሽታ ተከላካይ ምግብ ይዞ እንዲመጣ ነበር። የቀበሌውን ድምፅ ማጉያ ይዞ የሚዞረው ሰው ግን አሳጠረው።

“ነገ ጠዋት ጤና ኬላ ግቢ! እያንዳንዱ ጎጥ ኃይል ሰጪ፣ ገንቢና ተከላካይ ይዞ ይቅረብ! የቀረ ይጠየቃል!”

በዚያ ዘመን ከቀበሌ ትእዛዝ ሲመጣ ለምን ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። እርከን ሥሩ ስንባል እንሠራለን፤ ጉድጓድ ቆፍሩ ስንባል እንቆፍራለን።

ጎረቤቴ ዘይነባ ከባሏ ጋር መጣች።

“እት ጥሩ፣ ገንቢ የሚሉት ምንድን ነው?”

እኔ ሳልመልስ ባሏ ቀደመኝ። “ግንበኛ ነዋ! የቢሮ አማርኛ ነው። የጤና ኬላው አጥር በዝናቡ ፈርሶ የለ?”

አጥሩ በእርግጥ ፈርሷል። እኔም ልክ መሰለኝ።

“ኃይል ሰጪስ?” አለች ዘይነባ።

“ጄኔሬተር። መብራት በጠፋ ቁጥር የክትባቱ ፍሪጅ ይሞቃል ሲሉ አልሰማሽም?”

“ተከላካይስ?”

እዚህ ላይ ጥቂት አሰበ። “ኳስ ሜዳ ላይ ያለው ነው” አለ በመጨረሻ። “ለምን እንደፈለጉት እነሱ ያውቃሉ።”

በማግስቱ ፍቅርተን አዝዬ ስደርስ ግቢው ሞልቷል። ከየጎጡ የመጡት ግንበኞች መዶሻና ቱምቢ ይዘው ቆመዋል። የቪዲዮ ቤቱ ጄኔሬተር በበቅሎ ተጭኖ መጥቷል። ተከላካዮቹ ማልያ ለብሰው ሰውነታቸውን ያፍታታሉ። ሀያት እሳት አንድዳ፣ ባዶ ድስት ጥዳ ትጠብቃለች።

“ምግቡስ?” አለች።

“የምን ምግብ?” አለ የዘይነባ ባል።

ነገሩ ሲገባት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ያለቀሰች መስሎኝ ነበር፤ ለካ ትስቃለች። ቀኑ በከንቱ እንዳይውል ብላ ይሆናል፣ ቆየት ብላ ተነሳችና ሁሉንም አሰለፈቻቸው።

“ይህ ጄኔሬተር ድንች ነው። ገብስም፣ ስንዴም፣ ስኳርም ነው። ዘይትና ቅቤም ወገኖቹ ናቸው። ሰውነት የሚሞቀውና የሚንቀሳቀሰው በነዚህ ነው። ጋሼ ይማም፣ እርስዎ ደግሞ ባቄላ ነዎት።”

ይማም የእኛ ጎጥ ግንበኛ ነው፤ ጢሙ የሸበተ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው።

“እኔ?” አለ።

“ባቄላ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ ወተት። ሥጋና ጡንቻ የሚሠሩት እርስዎ ነዎት።”

“እንቁላሉ ይሻለኛል።”

ቀጥላ ወደ አንዱ ተከላካይ ዞረች። “አንተ ጎመን ነህ።”

“ኧረ በአላህ!” አለ ልጁ ማልያውን እየጎተተ።

“ጎመን በጤና!” ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ።

ሀያት ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቃ ቀጠለች። ጥርስ ያደቃል፣ ምራቅ ያርሳል፣ ጨጓራ ያቦካል፤ ከዚያ ምግቡ በቀጭኑ አንጀት ሲያልፍ ልሞ ወደ ደም ይገባል፣ ደምም ለየአካሉ ያደርሳል አለች።

“ጭቃ አቡኪው ጨጓራ ነው በይኛ” አለ ይማም። “ድንጋይ ካላቀረቡለትስ?”

“ሲያቦካ ይውላል፣ ግድግዳ ግን አይቆምም። ይህች የእማማ ልጅ እንዲያ ናት። ሆዷ በሻይና በብስኩት ይሞላል። ኃይል ሰጪ ታገኛለች፤ ገንቢ ግን የላትም።”

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ይማም መዶሻውን አስቀመጠና “ይኸው መጣሁላት!” አለ።

ሀያት ከቤቷ ባመጣችው የገብስና የባቄላ ዱቄት ገንፎ አገነፋች፤ እንቁላልም ጨመረችበት። ባቄላው ራሱ ይቅመሰው ተባለና ሳህኑ ለይማም ተሰጠ። “ቢስሚላህ” ብሎ እያጣጣመ ይበላ ጀመር። ፍቅርተ ከጀርባዬ ካልወረድኩ አለች። አወረድኳት። ሄዳ ፊቱ ቆመችና አፉን ታይ ጀመር። እሱም ነገሬ ሳይል ለራሱ ያነሳውን ጉርሻ ዘረጋላት። አፏን ከፈተች።

ዘይነባ እልል ልትል ስትል ሀያት አፏን ያዘቻት። “ዝም በሉ! ትደነግጣለች!”

ያ ሁሉ ግንበኛ፣ ያ ሁሉ ባለማልያ ትንፋሹን ውጦ አንዲት ሕፃን ስታኝክ ያይ ነበር።

“ዋጠች!” አለ ጎመን የተባለው ልጅ፣ ጎል የገባ ይመስል እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ።

ቤት ስንመለስ ያንኑ ገንፎ ሠርቼ ሰጠኋት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ከይማም ጋር ብትሆን እንደምትበላ ገባኝ፤ ግን ባሌ ከሞተ ቆይቷል። ወንድ በየቀኑ ለምሳ ብጠራ መንደሩ ምን እንደሚል አውቃለሁ። ስለዚህ ይማምን አስጠርቼ ጓሮዬ ላይ ግንብ እንዲሠራልኝ ነገርኩት።

“ከየት እስከ የት?” አለ።

ጓሮው አጥር ነበረው። ግራ ገብቶኝ በእጄ መሐሉን አሳየሁት። እሱ እኔን አየኝ፣ ቀጥሎ ልጅቱን አየ።

“ገባኝ። ይህ ግንብ ቶሎ የሚያልቅ አይደለም” አለ።

እንዳለውም ቶሎ አላለቀም። የሠራውን “ጠሟል” ብሎ አፍርሶ እንደገና የሚሠራበት ቀን ነበር። ምሳ ሲደርስ ከፍቅርተ ጋር ከአንድ ሳህን ይበላሉ፤ አንድ ቀን ምስር፣ አንድ ቀን እንቁላል፣ አንድ ቀን ድንች በጎመን። ቀስ በቀስ ከእኔም እጅ መጉረስ ጀመረች። ሀያት ስትለካት መለኪያው አረንጓዴው ላይ አረፈ።

አንድ ዓርብ ልጄ የደወለችው ምሳ ሰዓት ላይ ነበር።

“እማዬ፣ ማናት ቢስሚላህ የምትለው?”

“ልጅሽ ናት። ልትበላ ነው።”

እሷም “አልሐምዱሊላህ” አለች። እኛ ክርስቲያኖች ነን፤ ግን በዚያ ሰዓት ሌላ ቃል የሚያስፈልግ አልመሰለኝም።

ይማም ከጥቂት ዓመታት በፊት አረፈ። ግንቡ ዛሬም ጓሮዬ መሐል ቆሟል። ምንም አያጥርም፤ ዶሮዎቹ ዞረውት ያልፋሉ። ፍቅርተ አድጋ ከእኔ በቁመት በልጣለች። በቀደም “ይህን አፍርሰን ሽንኩርት ብንተክልበትስ?” አለችኝ። እኔ በሕይወት እያለሁ አንድ ድንጋይ አይነሳም አልኳት። ቁጣዬ ሳይገርማት አልቀረም። ምክንያቱን አልነገርኳትም፤ እንዲህ ያለውን ነገር በአፌ መናገር አይሆንልኝም። ይህን ስታነብ ታውቀዋለች።