ከማርቆስ እስከ ዋሻችን

ለትንሣኤ ኢየሩሳሌምን ሊሳለሙ የመጡ አንድ የአገሬ ቄስ በገዳማችን ደጃፍ ቆመው፣ “እማሆይ፣ ያገርዎን ወሬ ልንገርዎት፤ ዛሬ እኮ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት አይሞላም፤ የዕለት ጸሎትዎን ሳይጨርሱ ይደርሳሉ” አሉኝ። ደስ ይበላት ብለው ነው፤ እኔ ግን ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ። የአውሮፕላንን መንገድ በጸሎት መለካት እኛ ዘንድ የቆየ ነገር ነውና።

በጣልያን ጊዜ ቤታችን ከሮብ ገበያ ወዲህ፣ ጮቄ ሥር ነበር። ማርቆስ ለእግረኛ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ቀትር ላይ የሚገባበት አገር ነው፤ ጣልያን ከተማው ዳር ሜዳ ደልድሎ አውሮፕላን ካሳረፈ ወዲህ ግን ያ ሁሉ ዳገትና ጅረት እንዳልነበረ ሆነ። አውሮፕላኑ ተነሥቶ ከፍ እስኪል ከተማው ላይ ሲዞር፣ በየጋራው ያሉ ጠባቂዎች ጡሩንባ ይቀባበላሉ፤ እኛም የያዝነውን ጥለን ወደ ዋሻ እንሮጣለን። የቄስ ልጅ የሆነችው እናቴ እናኑ ዋሻው አፍ ላይ ተቀምጣ መልክአ ማርያም በቃሏ ትደግማለች፤ ከእመቤታችን ራስ ጠጉር ጀምራ፣ ዐይኗን፣ ከንፈሯን፣ ክንዷን እያወደሰች ወደ እግሯ ትወርዳለች። ከማርቆስ ወደ እኛ የሚመጣ አውሮፕላን ድጋሟ የእመቤታችንን ጉልበት ሳያልፍ ይሰማል፤ እግሯ ጥፍር ድረስ ዝም ካለ ወደ ሌላ አገር ዞሯል ማለት ነውና ሰዉ አማትቦ ይወጣል። ጎረቤታችን አያ አበጀ በጨለማው ውስጥ ሳይቀልድ አይቀርም፤ “ያ የጣልያን ሰላቶ ዛሬ ክንዷ ላይ ደረሰብን፤ መንገዱን ለመደው መሰል!”

የታኅሣሥ ገብርኤል ዋዜማ፣ ገብስ እየተወቃ ሳለ ጡሩንባው ተነፋ። ባለፈው ቀን የጎረቤት መንደር ተቃጥሎ ጢሱ ገና አልጠፋም፤ አባቴ በሬዎቹን አውድማው ላይ እንደተጠመዱ ትቶ ስለገባ ዐይኑ ከደጅ አይነቀልም። እናቴ ጀመረች። ቃሉ እንደ ጎርፍ ይወርዳል። እግሯ ጥፍር ላይ ስትደርስ ጆሯችንን ጣልን፤ ምንም የለም።

“እናኑ፣ ዛሬስ ጣልያኑን ቀደምሽው!” አለ አያ አበጀ፣ እየሳቀ።

“እንግዲያ በሬዎቼን ልፍታ፣ ጨርሳ የለም እንዴ” ብሎ አባቴ ነጠላውን አጣፍቶ ወጣ።

አውድማው መሐል ሲደርስ የአውሮፕላኑ ድምፅ መጣ። አባቴንም በሬዎቹንም አንድ ላይ አጣናቸው፤ ገብሱ እስከ ማታ ነደደ።

“ቸኮልሁበት” አለች እናቴ። አያ አበጀ፣ “ኧረ ተይ፤ ይኼኛው የመጣው ከማርቆስ አይደለም፣ ከደጀን በኩል ነው፤ ከአዲስ አበባ የተነሣ ሌላ ነው” ብሎ ማለላት፤ ሊያጽናናት ነው ብላ አላመነችውም። ከዚያ ወዲያ መልክአ ማርያምን ስትደግም አንዱን ቃል እንደ ከባድ እንስራ አንሥታ፣ አሳርፋ፣ ደግሞ ሌላውን ታነሣ ነበር። እኔ አድጌ፣ መንኵሼ፣ ባሕር ተሻግሬ ስሄድ እንኳ ስንብቷ ረጅም ነበር፤ በችኮላ ቃል ማንንም መሸኘት አትችልም። እንዲሁ እንዳዘነች አረፈች።

እናንተ በዚያ የገብርኤል ዋዜማ በደጀንና በአዋበል ገብስ ስትወቁ የነበራችሁ፣ በሕይወት ካላችሁ፦ በላያችሁ አውሮፕላን አልፎ ነበር? ከአባይ ማዶ መጥቶ ወደ ጮቄ ሲያቀና የሰማ ካለ፣ ወደ ኢየሩሳሌም በሚመጣ ሰው ይላክብኝ፤ መቃብሯ ላይ ፍትሐት በሚያደርሱት ካህን አስነግርላታለሁ። አልሰማንም የምትሉም ብትሆኑ አትደብቁኝ።