ለሴቶች አዳራሽ የተገዛ ካሜራ

ካሜራውን የገዛሁት ፎቶው በሰው ዓይን እንዳይታይ ብዬ ነው። ነገሩ ግራ እንደሚያጋባ አውቃለሁ፤ ሰው ፎቶ የሚነሳው ለመታየት ነውና። የኛ ሰርግ ግን ወንዶቹ በአንድ አዳራሽ፣ ሴቶቹ በሌላ አዳራሽ ነው። የሴቶቹ በር ከተዘጋ በኋላ ሻሽ ይወልቃል፣ ጸጉር ይለቀቃል፣ ሙሽራዪቱ ትከሻዋን ገልጣ ትጨፍራለች። ወንድ ፎቶ አንሺ አይገባም። ሴት ብታነሳም በፊልሙ ዘመን ነገሩ ያው ነበር፤ እዚህ አሜሪካ ፊልም የሚያጥበው መድኃኒት ቤት ውስጥ ያለ የፎቶ ክፍል ነው፣ እዚያ የሚሠራው ደግሞ ጎረምሳ ነው። ስለዚህ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የተዳሩ ስንት ልጆች ከነጸጉራቸው፣ ከነጌጣቸው የተነሱት አንድ ፎቶ የላቸውም።

ዲጂታል ሲመጣ ይህን ያሰበችው ጓደኛዬ ናት። ሮቢንስዴል ሆስፒታል ውስጥ አብረን በጽዳት እንሠራ ነበር። እሷ የደሴ ልጅ፣ እኔ የኮምቦልቻ፤ ስንት ዓመት አንድ ጋሪ ገፍተናል።

«አንቺ፣» አለችኝ አንድ ቀን አንሶላ እያጠፍን፣ «ይሄ አዲሱ ካሜራ እኮ ፊልም የለውም። ማንም አያጥበውም። ካንቺ እጅ ወደ ሙሽራዋ እጅ፣ አለቀ።»

«እኔ ምን አገባኝ?»

«እጅሽ አይንቀጠቀጥማ። በዚያች ትንሿ ካሜራሽ እንኳ የሰው አንገት ቆርጠሽ አታውቂም።»

«ልቤ ነው እንጂ የሚንቀጠቀጠው።»

«ልብ ፎቶ ላይ አይወጣም። አብሽሪ።»

ፈሪ ነኝ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ፖስታ በመጣ ቁጥር ከቤት ሊያስወጡን ነው እላለሁ። ሃይዌይ ድራይቭ ማድረግ ያስፈራኛል። ከሁሉም በላይ ለልጄ እፈራለሁ፤ ያለችኝ አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ ከትምህርት ቤት አሥር ደቂቃ ከዘገየች መስኮት ላይ ነኝ። እና ካሜራ ልገዛ ቡርንስቪል ስንሄድ ጓደኛዬን በአንድ ጎኔ፣ ልጄን በሌላው አድርጌ ነው። ልጄ ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ አስተርጓሚዬም እሷ ናት።

ሻጩ አንዱን ጥቁር ካሜራ አውጥቶ ሰጠኝ። ፊቱ ላይ ክብ ጉድጓድ ነው፤ ምንም የለበትም።

«ዓይኑስ የታለ?» አልኩ።

ልጄ ጠየቀችልኝ። «ሌንሱ ለብቻው ነው የሚሸጠው፣ እማ። ይሄ ቦዲው ነው።»

«ገላውን ሸጠው ዓይኑን ያስቀራሉ?»

ጓደኛዬ ሳቀች። «ያገራችን በግ ነጋዴም እዚህ ቢመጣ ቆዳውን ለብቻ ይሸጥልሽ ነበር።»

ከሌንስ ጋር በአንድ ካርቶን የሚሸጠውን ወሰድን። የዚያን ዓመት የታክስ ተመላሽ እዚያው ቀረ። ካርቶኑን እስከ መኪናው ድረስ እንደ አራስ ልጅ ታቅፌው ሄድኩ፤ በረዶ ላይ እንዳልንሸራተት ጓደኛዬ ክንዴን ይዛኝ ነበር። ያን ክንዴን የያዘችበትን ነገር ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ።

የመጀመሪያው ሰርግ አላማረልኝም። የአዳራሹ መብራት ደብዛዛ ነው። ያለ ፍላሽ ሳነሳ ጨለማ፤ በፍላሽ ሳነሳ ደግሞ ሴቶቹ ሁሉ ዱቄት የተነፋባቸው መስለው ወጡ። ሁለተኛውን ሌንስ የገዛሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ሴንት ፖል ውስጥ ያገለገለ ካሜራ የሚሸጥ አንድ ሽማግሌ ዘንድ። የኔ እንግሊዝኛ እንደማይበቃ ሲያይ ወሬውን ተወው። አንዲት ትንሽ ሌንስ ካሜራዬ ላይ ገጠመ፣ የሱቁን መብራት አጠፋ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ቆመና አንሺኝ ብሎ በእጁ ጠቆመኝ። አነሳሁት። ፊቱ ከነሽበቱ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ሌንሱን አዙሮ ውስጡን አሳየኝ፤ የድመት ዓይን በጨለማ እንደሚሰፋው ይከፈታል። ብቻ አያቀርብም፣ አያርቅም። ይህንንም ያስረዳኝ በእግሩ ነው፤ ወደ ፊት ሁለት እርምጃ፣ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ። ቅርብ ካማረሽ በእግርሽ ሂጂ ማለቱ ነው። «ሃምሳ» ይሏታል ያቺን ሌንስ። ከዚያ ወዲህ ከካሜራው ላይ አላወለቅኳትም። በሷ ያነሳኋት ሙሽራ ኩል የነካው ሽፋሽፍቷ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ለራሴ ሕግ አወጣሁ። የሙሽራ ፎቶ አማና ነው፤ አደራ። ሰርጉ ሲያልቅ ቤት እገባለሁ፣ የኢንተርኔቱን ገመድ ከኮምፒውተሩ በገዛ እጄ እነቅላለሁ፣ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ፎቶውን ሲዲ ላይ ትገለብጣለች። አንድ ሲዲ ብቻ። ከዚያ ከኮምፒውተሩ ይጠፋል። ካሜራ ውስጥ ያለውን ደግሞ ሙሽራዋ ፊት አጠፋለሁ፤ «እዪ፣ ባዶ ነው» ብዬ አሳያታለሁ። ከሴንት ፖሉ ስኔሊንግ ጎዳና እስከ ቡርንስቪል ሴቱ ሁሉ ስሜን ትቶ «አማናዋ» ይለኝ ጀመር። ሆስፒታል ውስጥ ሽንት ቤት የማጸዳ፣ ስሜን በላቲን ፊደል አቃንቼ መጻፍ የማልችል ሰው፣ እንዲህ ያለ ስም ሲወጣልኝ ምን ያህል ቀና ብዬ እንደሄድኩ የማውቀው እኔ ነኝ።

ነገሩ የመጣው በአንድ የክረምት ሰርግ ነው፤ ስኔሊንግ አቨኒው አጠገብ ባለ አዳራሽ። ጓደኛዬ ከአሥራ ሰባት ዓመት ሴት ልጇ ጋር ፊት ለፊት ካለው ጠረጴዛ ተቀምጣለች። እኔ አረንጓዴ ቀሚሴን ለብሼ ካሜራዬን ይዤ እዞራለሁ። መነሳት ያልፈለገች ሴት እኔ ወደሷ ስዞር ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ ታደርጋለች፤ አልፋታለሁ። የሁሉም ዓይን ካሜራዬ ላይ ነበር። እንደ ልማዴ ሲዲውን አስረከብኩ፣ ሌላውን አጠፋሁ።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ የሙሽራዋ እናት ደወለችልኝ። ሰላምታ የለ።

«አማና በላሽ፣» አለችኝ። «የልጄ ጸጉር ሲያትል ደርሷል። የባሏ ወንድሞች ስልክ ላይ ነው። አላህ ይይልሽ።»

ስልኩ ተዘጋ።

ፎቶውን ሁሉም አወራው። በሐላል ስጋ ቤት አንዲት ሴት «ልታዪው?» ብላ ስልኳን ዘረጋችልኝ። «የሰው ገመና አላይም» አልኳትና ፊቴን አዞርኩ። ልክ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ባየው ኖሮ እዚያው ስጋ ቤት ውስጥ ባለቀ።

ለጓደኛዬ እያለቀስኩ ደወልኩላት።

«አይተሽዋል?» አልኳት።

«አይቻለሁ።»

«የኔ ነው?»

«ካሜራ የያዘ ሌላ ማን ነበር?» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ልጅሽን እስቲ ጠይቂያት። ኮምፒውተሩ በሷ እጅ አይደል? የዛሬ ልጆች አይታወቁም» አለችኝ።

ይህ ቃል ገብቶ ተቀመጠብኝ። ልጄን ከክፍሏ ጠራኋት፣ ውዱእ አስደርጌ ቁርኣን አስያዝኳት። «ወላሂ አልላክሁም» አለች። ደግማ ማለች። እኔ ግን ፈራሁ፤ ፍርሃት ደግሞ መሐላ አይሰማም። ኮምፒውተሩን ነቅዬ መኪናዬ ኋላ ቆለፍኩበት። ስትወጣና ስትገባ ቦርሳዋን መፈተሽ ጀመርኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጄ በአማርኛ አላናገረችኝም። እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ «እማ» ማለቷን ትታ «ማም» አለችኝ።

የተያዙ ሰርጎች አንድ በአንድ ተሰረዙ። «ልጅቷ ፎቶ አልፈልግም አለች» ይሉኛል በትህትና። ጓደኛዬም እግሬን አመመኝ፣ ደረጃ አልችልም ብላ ወደ ታችኛው ፎቅ ተዛወረች። ጋሪውን ብቻዬን ገፋሁ። እሷም ታመመች እያልኩ አዝንላት ነበር።

በረዶው ሲቀልጥ ልጄ የአንዲት የክፍሏን ልጅ ስልክ ይዛ ገባች።

«እዪው» አለችኝ፤ በአማርኛ።

«አላይም።»

«እዪው። አንቺ አለሽበት።»

የክብሪት ቤት የምታህል ፎቶ ናት። ሙሽራዋ ደብዝዛለች፤ ጸጉሯ ይታያል፣ ዓይኗ ግን ዓይን አይመስልም። ከትከሻዋ በስተጀርባ አረንጓዴ ቀሚስ የለበሰች ሴት ጎንበስ ብላለች። ክርኗ ተነስቷል፣ ፊቷ ላይ ጥቁር ካሜራ አለ።

እኔ ነኝ።

«ሙሽራዋን እያነሳሽ ራስሽን ከፊት ለፊት ልታነሺ ትችያለሽ?» አለችኝ ልጄ።

ያን ሁሉ ጊዜ ሰው ሁሉ ጸጉሩን ሲያይ ከኋላ ያለሁትን እኔን ያየ የለም። ያቺን ቅጽበት ግን አስታወስኳት። የሙሽራዋን የጸጉር ጌጥ ከኋላዋ በሃምሳዋ ለማንሳት በእግሬ ቀርቤ ወንበር መሐል ገብቼ ነበር፤ ከፊት ለፊቴ ያለው ጠረጴዛ የጓደኛዬ ነው። ልጇ ስልኳን ከፍ አድርጋ ይዛለች። መልእክት የምታነብ መስሎኝ ነበር። ማን ያኔ ስልክን ካሜራ ነው ብሎ ይፈራል? አንዲት ሴት እንኳ ለስልክ ሻሿን አልሳበችም።

በማግስቱ ያንን የምፈራውን ሃይዌይ ብቻዬን ነድቼ ቡርንስቪል ሄድኩ። ጓደኛዬን ያገኘኋት ከአፓርታማቸው ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው። አንሶላ እያጠፈች ነበር። ከልማድ የተነሳ ሌላውን ጫፍ ያዝኩላት።

«ልጅሽ ናት ያነሳችው» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«መቼ አወቅሽ?»

«ወሬው በወጣ በሁለተኛው ቀን። ቀሚሱን ላሳይ ብላ ለአንዲት ጓደኛዋ ነው የላከችው። ከዚያ ሮጠ።»

«እኔንም አይተሽኛል፣ ፎቶው ውስጥ።»

«ከሙሽራዋ በፊት ያየሁት አንቺን ነው።»

«እያወቅሽ ልጄን አስማልሽኝ።»

አንሶላውን ከእጄ ተቀብላ ደረቷ ላይ አጠፈችው። «ለልጄ የጋብቻ ሽማግሌ ሊልኩ ቀጠሮ ይዘዋል። ይህን ቢሰሙ ደጃችንን ይረግጣሉ? ያንቺ ገና ልጅ ናት፤ ይረሳላታል ብዬ ነው።»

«ብናገርስ?»

«በምን? ፎቶውን ሳታሳዪ ማን ያምንሻል? አንቺ ደግሞ አታሳዪም። አውቅሻለሁ።»

ለክፋት ብላ አልተናገረችውም። እንዲያውም እንደ ማመስገን ነበር የተናገረችው። የቆረጠኝም ይኸው ነው። ሰው ሲከዳሽ ድክመትሽን ፈልጎ ነው ይባላል። እሷ ልጇን የሸሸገችው አማናዬ ውስጥ ነው።

ለሙሽራዋ እናት አንድ ጊዜ ደወልኩ። «ፎቶው ላይ እኔም አለሁበት፤ እባክሽ ደግመሽ እዪው» አልኳት። «ስንት ሰው ለምነን አስጠፍተነዋል፣» አለችኝ፣ «ልጄ ከባሏ ጋር ገና መረጋጋቷ ነው። የተቀበረ አታስቆፍሪን።» እውነቷን ነው። ስሜን ላጥራ ብል ቤት ለቤት የልጅቷን ጸጉር ይዤ ልዞር ነው።

ቤት ስገባ ልጄ ያንን የክፍሏን ልጅ ስልክ ገና ሳትመልስ ይዛ ትጠብቀኛለች።

«አጥፊው» አልኳት።

«ማስረጃሽ እኮ ነው።»

«የኔ አይደለም፤ የሷ ጸጉር ነው።»

አጠፋችው። ከዚያ አፉ በይኝ አልኳት፤ እናት ሆኜ ልጄን አፉ በይኝ ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ጥፍሯን አየች።

«ቁርኣን ይዤ ነበር እኮ፣ እማ» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። «እማ» ስላለችኝ ብቻ እሱን ይዤ ተነሳሁ።

በበጋው ሌላ ሰርግ ተጠራን፤ እዚያው አዳራሽ። ባዶ እጄን ሄድኩ፣ ካሜራው ከነሃምሳዋ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። የሴቶቹ በር ላይ ጓደኛዬ ትልቅ ቅርጫት ይዛ ቆማለች። የገባችው ሁሉ ስልኳን ቅርጫቱ ውስጥ ትጥላለች፤ ስትወጣ ትወስዳለች። ይህን ሥርዓት ያመጣችው እሷ እንደሆነች ሰማሁ። ዛሬ በየሰርጉ የተለመደ ነው።

ልጄ ስልኳን ጣለች። የኔ ተራ ደረሰ። ጓደኛዬ ቀና ሳትል ቅርጫቱን ዘረጋችልኝ።

«ይቺን ብልሃት ያመጣሽ አላህ ጀዛሽን ይክፈልሽ፣» አለቻት ከኋላዬ የቆመች ሴትዮ፣ እኔን አላወቀችኝም፤ «ያቺ ባለ ካሜራ ካቃጠለችን ወዲህ ሰው ማመን ቀረ።»

ቆሜ ጠበቅሁ። አንድ ቃል ትናገራለች ብዬ ነው። ጓደኛዬ «አሚን» አለች። ቅርጫቱን ወደኔ ይበልጥ አስጠጋችው።

ስልኬን ከላይ አስቀመጥኩና ገባሁ። በሩ ተዘጋ፣ ሴቶቹ ሻሻቸውን አወለቁ። እኔ አላወለቅኩም።