የሽመልስ የሽቦ ሐዲድ

ባለፈው ጥቅምት አንድ አስጎብኚ የሰፈሬ ልጅ ጉርድ ፎቶ እንዳትምለት ወደ ሱቄ መጣ። ፎቶው ስልኩ ውስጥ ነው። ስልኩን ሲያቀብለኝ በእነዚህ ወፍራም ጣቶቼ የማይሆን ቦታ ነካሁና ሌላ ነገር ተከፈተ፤ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ትንሽ ሐዲድ፣ ትንሽ ድልድይ፣ ጣት የምታህል ባቡር።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኩት።

«የቴሌግራም ግሩፕ ነው ጋሼ ሲሳይ። ትንንሽ ባቡር የምንሠራ ሰዎች ነን። በየሳምንቱ የደረስንበትን ፎቶ አንሥተን እንለጥፋለን፤ ሌላው አይቶ ያርማል፣ ያበረታታል። ይሄኛው ከአዳማ ነው፣ ያኛው ከጅማ። ፊታቸውን እንኳ አይቼ አላውቅም።»

ጉርዱን አትሜ ሸኘሁት። ከዚያ በጠራራ ፀሐይ ሱቄን ዘግቼ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ ያመመኝ መስሏት ግንባሬን ዳሰሰች። አላመመኝም፤ ሽመልስ ትዝ ብሎኝ ነው።

ሽመልስ የድሬዳዋ ልጅ ነበር። ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ሁለት ሦስት ዓመት በኋላ የሆቴል ጀነሬተር መካኒክ ሆኖ ተመድቦ ላሊበላ መጣ። በዚያ ዘመን እንግዳ ብርቅ ነው፤ ጀነሬተሩ በቀን ጥቂት ሰዓት አጓርቶ ዝም ይላል፣ መካኒኩም አብሮ ሥራ ይፈታል። እኔ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አጎቴ በተወልኝ ካሜራ ለቀበሌ መታወቂያ የሚሆን ፎቶ አነሣ ነበር። እሱም ለመታወቂያ መጣ። አገጭህን ቀና አድርግ፣ አትንቀሳቀስ እያልኩ ሳስቸግረው ሳቀና «አቦ፣ የእኔን ፊት ተወውና ነገ መጥተህ የምሠራውን አንሣልኝ!» አለኝ።

ሄድኩ። ክፍሉ ውስጥ አንድ አሮጌ የበር ሳንቃ በሁለት በርሜል ላይ አጋድሞ፣ በሳንቃው ላይ ከጭቃና ከጭድ ተራራ ሠርቷል። በተራራው ወገብ የሽቦ ሐዲድ ይዞራል። ከሐዲዱ ሥር የተደረደሩት ተጋዳሚዎች የቀርከሃ ስንጥር ናቸው። ፉርጎዎቹን የቆረጣቸው ከእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ስለነበር ባንደኛው ጎን ላይ የፈረንጅ ፊደል ግማሹ ይታያል። አሸተን ተራራን አስመስሎ ለመሥራት ሲታገል ደርሼ «አናቱ እንዲህ ሹል አይደለም፣ ገበታ ነው» ብዬ አረምኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባልደረባው ሆንኩ።

ይህን ሁሉ የሚሠራው ለአባቱ ነበር። አቶ ወንድይራድ ዕድሜያቸውን በባቡር ጋራዥ ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ እሳቸውም ድሬዳዋ ቤታቸው ውስጥ እንዲሁ የሽቦ ሐዲድ ይዘረጋሉ። አባት ከድሬዳዋ ተነሥተው የመስመሩን ጣቢያዎች፣ ኤረርን፣ አፍደምን፣ ሚኤሶን፣ አዋሽን በየተራ ይሠራሉ፤ ልጅ ከላሊበላ ተነሥቶ ቁልቁል ይወርዳል። ሽመልስ ወደ አገሩ የተዛወረ ዕለት ሁለቱን ሐዲድ ባንድ ጠረጴዛ ላይ ሊገጣጥሙ ተስማምተዋል። ንጉሡም አብዮቱም ያላሰቡትን የላስታ ባቡር አንድ ጡረተኛና አንድ ሥራ ፈት መካኒክ ሊዘረጉት!

እስከዚያው በፎቶ ይተያያሉ። የሐዲዱ ስፋት የአንድ ክብሪት ቀፎ ርዝመት ነው፤ ከሽቦ እስከ ሽቦ፣ ውስጥ ለውስጥ። ፎቶ ሲነሣ የክብሪት ቀፎው በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ወለሉ ላይ ይጋደማል፤ ተቀባዩ ቀፎውን አይቶ ስፋቱ አለመዛባቱን ያረጋግጣል። ሽመልስ በሌላው ነገር ሁሉ ቀልደኛ ነው፣ በስፋት ግን አይቀልድም። «ባቡር ሌላውን ሁሉ ይቅር ይላል፣ ስፋትን ግን አይምርም» ይል ነበር። እኔ ፎቶውን አነሣለሁ፤ የእሱ እጅ ጽሑፍ ዶሮ የጫረው ስለሚመስል በፎቶው ጀርባ ላይ የሚለውን የምጽፈውም እኔ ነኝ። ከሦስት ከአራት ሳምንት በኋላ የአባትየው መልስ ከነፎቷቸው ይመጣል። አያሞካሹም። «ኩርባህ ጠባብ ነው፣ ፉርጎው ይገለበጣል፤ አፍርሰህ ዘርጋ» ይላሉ። ሽመልስ እየተሳደበ ያፈርሳል። ፖስታው የቅመምና የቴምር ሽታ ነበረው፤ ድሬዳዋን እስከ ዛሬ የማውቃት በአፍንጫዬ ብቻ ነው።

ፊልም የሚታጠበው ወልዲያ ነው። ወልዲያ ወርዶ የማሳጠቡ ሥራ የእኔ ነበር። በዚያ ኅዳር፣ ገብሱ ታጭዶ ብርዱ አጥንት ሲሰብር፣ ቀበሌው የገበሬውን ሁሉ መታወቂያ በአንድ ሳምንት አንሥተህ ጨርስ አለኝ። ሽመልስ ደግሞ የባቡሩን ዋሻ ጨርሶ ትዕግሥት አጥቷል።

«እኔ እወርዳለሁ» አለኝ። «አባዬ ዋሻዬን ሳያይ ገና እንዳይገባ።»

«ጠብቀኝ እንጂ፣ ሰኞ እሄዳለሁ።»

«ያንተ ሰኞ መቼም አይመጣም!»

በሶ ቋጠርኩለት። ጋሸና ስትደርስ ትኩስ ነገር ብላ ብዬ መኪና ላይ ሰቀልኩት።

በአራተኛው ቀን በዚያ መንገድ የሚመላለሰው የኤንትሬ ጭነት መኪና ሾፌር ሰይድ ቤቴ ድረስ መጣ። የወልዲያ ሰው ነው፣ ጨዋታ የሚወድ። ያን ቀን ግን ቁጭ በል ብዬ ብለምነው እምቢ አለ።

«ሲሳይ፣ ያ የድሬው ልጅ...» ብሎ ጀመረ። ቀጥሎ «ሲመለሱ ነው፤ ጋሸና ሳይደርሱ መኪናዋን ተኩስ አገኛት። ሦስት ሰው ሞተ። ወላሂ እኔ ስደርስ አልቋል። ገበሬዎቹ ካጠገቡ ካለች ቤተ ክርስቲያን ቀበሯቸው» አለኝ።

«ቄስ ነበረ?»

«ምን ቄስ አለ ወንድሜ! ሌላ ተኩስ ሳይመጣ ብለው ባንድ ጉድጓድ አስገቧቸው።» ከኮቱ ውስጥ ፖስታ አውጥቶ ሰጠኝ። የዋሻው ፎቶ ነው፣ አምሮ የታጠበ።

ማን እንደተኮሰ ያኔም ሁለት ዓይነት ይወራ ነበር፣ ዛሬም ሁለት ዓይነት ነው። እኔን ያ አላስጨነቀኝም። ተራው የእኔ ነበር። ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ይኸው እስከ ዛሬ ይፈጀኛል።

መሥሪያ ቤቱ «ከሥራ ገበታው የቀረ» ብሎ ጽፎ ዘጋው። በዚያ ጊዜ ጠፋ የተባለ ሰው ጫካ ገባ ተብሎ ስለሚጠረጠር ድንኳን ተክሎ የሚያለቅስለት የለም። ለወላጆቹስ? መርዶ በደብዳቤ አይነገርም። መርዶ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ማለዳ በር አንኳኩቶ፣ እናት ስትወድቅ የሚይዛት ሰው አዘጋጅቶ የሚነገር ነገር ነው። ራሴ ልሂድ ብዬ የይለፍ ወረቀት ጠየቅኩ። ምን ጉዳይ አለህ ተባልኩ፤ ጉዳዬን መናገር አልቻልኩምና ተከለከልኩ። ያኔ የአቶ ወንድይራድ ደብዳቤ ደረሰ። «ልጄ፣ ፎቶው ለምን ዘገየ? እናትህ እህል አልቀምስ ብላለች።»

የዋሻውን ፎቶ ላክሁላቸው። በጀርባው እንደ ወትሮው በእሱ ስም ጻፍኩ። ራሴን ስሸነግል፣ ዋሻውን የሠራው እሱ ነው፣ የጻፍኩትም ሁልጊዜ እኔ ነኝ፣ ምኑ ውሸት ነው አልኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። የሚቀጥለው ደብዳቤ ሲመጣ ግን አዲስ ሐዲድ ያስፈልግ ነበር። ክፍሉን ለሌላ ሰው ሳይሰጡት የበሩን ሳንቃ ከሰይድ ጋር ተሸክመን ቤቴ አስገብተን ነበርና፣ ሽቦና ጉጠት ይዤ ሥራ ጀመርኩ። በሕይወቴ ሚስማር እንኳ አጣምሜ ነው የምመታው። እንደ ምንም አንድ ክንድ የሚሆን ዘረጋሁ፣ ቀፎውን አስቀመጥኩ፣ አነሣሁ፣ ላክሁ።

«ደህና ነው። በርታ» የሚል መልስ መጣ። አፍርስ የለ፣ ጠባብ ነው የለ። እኔ ሞኙ እጄ ተፈታ ብዬ ኮራሁ!

አንድ ነገር ግን አላስቀምጥ አለኝ። ሽመልስ ያለ ፍትሐት ነው የተቀበረው። እኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ከደጅህ ነው፤ የሙታን ስም ሲጠራ ቤትህ ቁጭ ብለህ ትሰማለህ። ስም በተጠራ ቁጥር የእሱ አለመጠራት ጆሮዬ ላይ ይጮህ ጀመር። ለንስሐ አባቴ ለመምሬ አዳነ ነገርኳቸው።

«ፍትሐት አደርስለታለሁ» አሉኝ። «የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

«ሽመልስ ነው የምናውቀው አባ።»

«እሱ የዓለም ስሙ ነው። በዓለም ስም ፍትሐት አይደረስም ልጄ። እናቱን ጠይቅ።»

እናቱን ጠይቅ! በሽመልስ ስም እየጻፍኩ የሽመልስን ክርስትና ስም እንዴት እጠይቃለሁ? የገዛ ስሙን ለእናቱ ጽፎ የሚጠይቅ ልጅ የለም። በራሴ ስም ብጠይቅስ፣ እሱ አጠገቤ እያለ ምን አስጠየቀህ መባሌ ነው። እውነቱን ካልተናገርኩ ስሙን አላገኝም፤ እውነቱን ብናገር እናትየውን በአንድ ቁራጭ ወረቀት መግደሌ ነው። ወላጆቹ እንዲኖሩልኝ ብዬ ሟቹን ያለ ጸሎት ማስቀረቴ ገባኝ። በጋው አለፈ፣ ሌላ ሁለት ፎቶ ላክሁ። ክረምቱ ገባ፣ መንገዱ ተቆረጠ፣ ጉሙ ከአሸተን ወርዶ በራችን ላይ ተቀመጠ። ሐዲዱ ላይ ባጎነበስኩ ቁጥር ከኋላዬ የሚቆም ሰው ያለ ይመስለኝ ነበር። ዞር ብዬ አላውቅም፤ ፈርቼ ሳይሆን አፍሬ ነው።

መስከረም ላይ መንገዱ ሲከፈት ሰይድ የአቶ ወንድይራድን ፖስታ አመጣልኝ። ፎቶው አዲስ ጣቢያ ነው። ከካርቶን የተሠራች ትንሽ ቤት፣ ፊት ለፊቷ ሐዲድ፣ ከደጇ ላይ ሰሌዳ። በሰሌዳው ላይ በደማቅ ቀለም «ወልደ ሰንበት» ተብሎ ተጽፏል። በጀርባው ደግሞ፤ «አዲስ ጣቢያ ሠርቻለሁ። ስሙ በደንብ እንዲነበብ በትልቁ ጽፌዋለሁ። እናትህ ደህና ናት፤ የሰማችው ነገር የለም፤ ፎቶህን ትጠብቃለች።»

ሽመልስ የመስመሩን ጣቢያዎች በተርታ እንደ ዳዊት አስጠንቶኛል። ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አዋሽ፣ መተሐራ እያልኩ እስከ አዲስ አበባ ሄድኩ፤ ወልደ ሰንበት የሚባል ጣቢያ የለም። እንደገና ፎቶውን አየሁት። የክብሪት ቀፎው በሽቦዎቹ መካከል አልተጋደመም፤ ሽቦዎቹ ላይ ወጥቶ ተቀምጧል። የአባትየውን የቀድሞ ፎቶዎች አውጥቼ ደረደርኩ። በሁሉም ላይ ቀፎው መካከል ወርዶ ተጋድሟል። እኔ ሠርቼ ከላክኋቸው ያስቀረሁትን ቅጂ ሳይ ግን በሦስቱም ላይ ቀፎው ሽቦው ላይ ተንጠልጥሏል። ውስጥ ለውስጥ መለካት ሲገባኝ ከውጭ ለውጭ ለክቼ ኖሯል፤ ሐዲዴ በሁለት ሽቦ ውፍረት ጠቧል። የባቡር ሰው ልጅ በሕልሙም የማይሠራው ስሕተት ነው።

አቶ ወንድይራድ ከመጀመሪያው ፎቶዬ ጀምሮ ልጃቸው እንደሌለ አውቀዋል። አውቀውም ዝም አሉ። ባለቤታቸው እየሰሙ «ደህና ነው፣ በርታ» ብለው ጻፉ። ከዚያም ያን ሁሉ ዓመት የዘረጉትን ሐዲድ ነቅለው በእኔ የተበላሸ ስፋት እንደገና ዘረጉት፣ ከእኔው ጋር እንዲገጥም። ለፍትሐት ምን እንደሚያስፈልግ ማንም አባት ያውቃልና፣ ባለቤታቸው ሳይጠረጥሩ ስሙን በጣቢያ ሰሌዳ ላይ ጽፈው ላኩልኝ። ፎቶውን ይዤ መሬት ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

በማግሥቱ መምሬ አዳነ ጋ ሄድኩ። ሰሌዳውን አሳየኋቸው፤ መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡና ምንም አልጠየቁኝም። ፍትሐቱ ሲደርስ ከዲያቆናቱ ሌላ የቆምነው እኔና ከውጭ አጥር ሥር ሰይድ ብቻ ነን። «ነፍሰ ወልደ ሰንበት» ሲባል ወዳጄ መሞቱን ያን ጊዜ ገና የሰማሁ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ በእሱ ስም መፈረም አልቻልኩም። የመጨረሻውን ፎቶ አነሣሁና በጀርባው «ጣቢያው ተነቧል። የሚገባው ሁሉ ተደርጓል። ሲሳይ» ብዬ ጻፍኩ። አባትየው ብቻቸውን እንዲያዩት ተመኘሁ፤ ፖስታ ግን ማን እጅ እንደሚገባ ላኪ አይመርጥም። መልስ አልመጣም። በዚያው ሰሞን አካባቢያችን ከመንግሥት እጅ ወጣ፣ ፖስታውም ቆመ። መልስ ያጣሁት መንገዱ ስለተዘጋ ነው ወይስ እናትየው ፎቶውን ገልብጠው «ሲሳይ ማን ነው? ልጄስ?» ብለው ጠይቀው ነው? ይህን ሳላውቅ አርጅቻለሁ።

መንገዱ ከተከፈተ ቆይቷል። ድሬዳዋ ልሂድ ብል የሚከለክለኝ ይለፍ የለም። አልሄድኩም። ያ አስጎብኚ ልጅ ባለፈው ሳምንት ተመልሶ መጥቶ ነበር፤ ይህን ታሪክ በጨረፍታ ነገርኩት።

«ጋሼ ሲሳይ፣ ግሩፓችን ውስጥ እኮ የድሬዳዋ ሰዎች አሉ። አቶ ወንድይራድ የሚባሉ የባቡር ሰው ቤት ብዬ ልጠይቅልዎት?» አለኝ፣ ስልኩን አውጥቶ።

እናትየው ዛሬ ቢኖሩ ከዘጠና ያልፋሉ፤ እንደማይኖሩ አእምሮዬ ያውቃል። ነገር ግን መርዷቸውን እስካልሰማሁ ድረስ በራፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ፖስታ ይጠብቃሉ፣ ልጃቸውም ላሊበላ አለ። በወጣትነቴ ለእሳቸው ስል የዋሸሁት ይመስለኝ ነበር።

«አትጠይቅ» አልኩት።