በአቧራ አገር ጥቁር መኪና

ቢቸና ውስጥ መኪና ያለው ሰው ሞልቷል። መኪናው የሚያብረቀርቅለት ሰው ግን አንድ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። ይሄን የምለው ልኮራ ብዬ አይደለም። እሺ፣ ልኮራም ብዬ ነው።

መኪናዋ ጥቁር ናት። ቀለሙን የመረጠችው ሚስቴ ናት፣ አረብ አገር ሰው ቤት እየሠራች፣ በስልክ። ሻጩ ነጭም ጥቁርም ነበረው። እኔ "ነጯ ትሻላለች፣ አቧራ አታሳይም" ብላት፣ "እኔ ጥቁር ነው የምወደው፤ ለአቧራው አንተ መላ ታመጣለህ" አለችኝ። አመጣሁ።

እሷ እስካሁን በእጇ ነክታት አታውቅም። የምታያት አርብ አርብ ነው። አርብ ከሰዓት ዕረፍቷ ስለሆነ በቪዲዮ ትደውላለች፤ እኔም ግቢ ወጥቼ መኪናዋን ዙሪያዋን አሳያታለሁ። ዘንድሮ ግን ነገሩ ከበድ ያለ ነበር። ኮንትራቷ ከፋሲካ በኋላ ያልቃል፤ ወይ ትመጣለች፣ ወይ ሁለት ዓመት ትጨምራለች። እኔ "ነይ" ብያት አላውቅም። ለፍታ የጀመረችውን በእኔ ምክንያት እንዳታቋርጥ ብዬ፣ "እኔ ምን ጎደለኝ?" እያልኩ እቀልዳለሁ። ልጅ አልወለድንም፤ ቤቱ ውስጥ ያለሁት እኔና ቀልዴ ነን።

ሥራዬ ኮንትራት ነው። ሙሽራም፣ ነጋዴም፣ በሽተኛም አመላልሳለሁ፣ ብዙውን ጊዜ ሞጣ። መንገዱ ክፍት ሲሆን ማለቴ ነው። ደርሳ ስትመለስ መኪናዋ ወፍጮ ቤት ያደረች ነው የምትመስለው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ገና ሞተሩን እንዳጠፋ ደረቅ ጨርቅ ያነሳና ይፈትጋታል። አቧራ ማለት እኮ የተፈጨ ድንጋይ ነው። በድንጋይ ከፈተግካት ቀለሟ ይጫጫራል፤ ፀሐይ ሲመታት የሸረሪት ድር ያደራባት ትመስላለች። በየቀኑ እንዳታጥብ ደግሞ ውሃው ከየት ይመጣል? ቧንቧው በሳምንት አንዴ ከመጣ እሰየው ነው። ዋናው ጥበብ ከአንዱ እጥበት እስከ ሌላው እጥበት ያለውን ጊዜ መሻገር ነው። ይሄን ደግሞ ማንም አላስተማረኝም፤ መምህሩም ተማሪውም እኔ ነኝ፣ አንደኛ የወጣሁትም እኔ ነኝ።

መጀመሪያ የዶሮ ላባ ሞከርኩ፤ የላባው ዘንግ ይቧጭራል። ቀጥሎ ጥጥ ሞከርኩ፤ ብን እያለ ይጣበቃል። ሦስተኛው ሐሳብ የመጣልኝ ሞጣ ነው። ገበያው ዳር ሱቅ ያላቸው አንድ ሐጂ አሉ፤ እሳቸው ጋ የሌለ ዕቃ የለም።

"ሐጂ፣ የፈረስ ጭራ ይስጡኝ። ረዘም ያለውን።"

"ምነው፣ ሽማግሌነት ተሾምክ?"

"ለመኪናዬ ነው።"

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ውጭ አዩ። "ዝንብ አስቸገራት?"

"አቧራ።"

"በእኛ ጊዜ ሰው ፈረሱን ነበር የሚጠርገው። አንተ በፈረሱ መኪና ልትጠርግ ነው። ሚስትህ ምን ትላለች?"

"አረብ አገር ናት።"

"እህ" አሉ። ጭራውን በጋዜጣ ጠቅልለው ሲሰጡኝ፣ "ምሳ በልተሃል?" አሉኝ።

"በልቻለሁ" አልኩ። አልበላሁም ነበር።

ጭራው ተአምር ነው። መጀመሪያ መኪናዋን ጥላ ውስጥ አቆምና እስክትቀዘቅዝ እጠብቃለሁ። ከዚያ እጄን ላላ አድርጌ፣ ሳልጫን፣ ከጣሪያው ጀምሬ ወደ ታች አወርደዋለሁ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ። አንዴ በጠረግኩ ቁጥር አራግፈዋለሁ። ክብ እያደረጉ መጥረግ ክልክል ነው። የቀረውን ብናኝ ታጥቦ ታጥቦ ባለቀ ነጠላ፣ እሱንም በትንሹ አርጥቤ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚነካ ሰው እዳብሰዋለሁ። ሸራ አልብሳት የሚሉኝ አሉ። አቧራው ሳይነሳ ሸራ ካለበስካት፣ ንፋስ በመጣ ቁጥር ሸራው ራሱ ብርጭቆ ወረቀት ይሆንባታል። ይሄን ስነግራቸው አፋቸውን ይከፍታሉ።

አንድ ቀን ጎረቤቴ፣ ጎልማሳ አናጢ ነው፣ በአጥር በኩል አየኝና፣ "ጋሼ፣ መኪናዋን እየባረኩ ነው?" አለኝ።

"ና አንተንም ልባርክህ። ከእሷ ይልቅ አንተ ላይ ነው አቧራው የበዛው።"

ስቆ አለፈ። ሁሉም ስቀው ያልፋሉ። ሳያልፍ ገብቶ የሚቀመጥ ነው የጠፋው። እኔም ጭራዬን ሰቅዬ ገባሁና ሻይ አፈላሁ። ለአንድ ሰው ወጥ መሥራት ይሰለቻል፤ ሽንኩርቱ ራሱ ለማን ነው የምትከትፈኝ የሚልህ ይመስላል።

ፋሲካ ሲቃረብ፣ በጾሙ መሀል አንድ አርብ ደወለች። እንደ ልማዴ ወጣሁና ከኮፈኑ ጀመርኩ። "እይ፣ ይሄ ትናንት ከሞጣ የመጣ መኪና ይመስላል?" እያልኩ ወደ ሾፌሩ በር ስደርስ፣

"ቆይ፣ ስልኩን አታንቀሳቅሰው" አለችኝ።

"ጭረት አየሽ? ሊሆን አይችልም።"

"በሩ ላይ ያለኸው አንተ ነህ?"

አየሁ። ጥቁሩ በር እንደ መስታወት ሆኖ አንድ ሰው ይታይበታል፤ ኮቱ ሰፍቶታል፣ አንገቱ ከኮሌታው መሀል ቀጥኖ ወጥቷል፣ ስልክ ይዟል።

"መቼ ነው እንዲህ የከሳኸው?"

"ጥቁር ያቀጥናል።"

"አትቀልድ።"

"ጾም ነው እንግዲህ።"

"ጾም እኔ አላውቅም? ዛሬ ምን በላህ?"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀልዱ ቀድሞኝ ይወጣ ነበር። ጠበቅሁት፣ አልመጣም። "ሻይ" አልኩ።

"ትናንትስ?"

"ሻይ በዳቦ።"

ከኋላዋ የሰው ቤት ቴሌቪዥን ይሰማል። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ልመጣ ነበር እኮ" አለች። "ነይ እስክትለኝ ነበር የምጠብቀው። ማዳም የኮንትራቱን ወረቀት ስታመጣ ቀን ስጪኝ አልኳትና አንተ ጋ ደወልኩ። ምን ጎደለኝ ብለህ ሳቅህብኝ። ባለፈው ሳምንት ፈረምኩ።"

እጄን በሩ ላይ አሳርፌ ነበር። እኔ ማንንም የማላስነካትን መኪና።

"ጥሩ አደረግሽ" አልኳት። "ሁለት ዓመት ምን አላት? እስከዚያ መኪናዋ ላይ አንድ ነጥብ ብታገኚ…"

"ስለ መኪናዋ አትንገረኝ። ከአሁን በኋላ ስደውል ቤት ገብተህ ቁጭ በል። አንተን ነው የማየው።"

በሚቀጥለው አርብ ተላጨሁ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ፣ ስልኩን በስኳሩ ጣሳ አስደግፌ ተቀመጥኩ። ፊቴን ምን እንደማደርገው ጠፋኝ። መኪና ስታሳይ፣ ጣሪያ፣ በር፣ ጎማ እያልክ ሰዓቱ ይሄድልሃል። ተቀምጦ መታየት ግን የማላውቀው ሥራ ሆነብኝ።

ደወለች። እስከዛሬ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ስለማወራት የስልኩ መስታወት ጥርት ብሎ አይታየኝም ነበር፤ ለካ እኔም ፊቷን በደንብ አይቼው አላውቅም። ከዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ከሻሿ ያመለጠው ፀጉሯ ነጭ ነው።

"አንቺም እኮ…" ብዬ ጀመርኩ።

"ዝም በል" አለችኝ፣ "ልይህ።"

ዝም አልኩ።